አደራ በአራት አሃዝ

ደመወዝ በገባ ሰሞን ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ዳር ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችር፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ዘርግታ «እስቲ እይልኝ፣ ብሩ ገብቷል?» ትላለች። ልጁ ኮከብ፣ 889፣ መሰላል ይመታል። ስልኩ የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቅ መልሶ አይሰጣትም፤ ቁጥሩን ያውቀዋል። ሰርቆ አይደለም ያወቀው፣ ራሷ ነግራው ነው። ጉምሩክ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት የከባድ መኪና ሾፌሮችም ከዚህ አይርቁም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ከቀረ ወዲህ፣ ሾፌሩ መሪውን ሳይለቅ ረዳቱ በሾፌሩ ስልክና በሾፌሩ ቁጥር ሲከፍል ማየት የተለመደ ነው።

ባንኮች ይህን ጥፋት ይሉታል። የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ፣ የባንኩ ሠራተኛ ነኝ ቢልዎትም አይስጡ የሚለው ማሳሰቢያ በየቴክስቱና በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ አለ። ማሳሰቢያው ትክክል ነው። በስልክ ደውሎ ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ የሚለው አጭበርባሪ የስንቱን ቤት እንዳራቆተ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ማሳሰቢያው አንድ ነገር በዝምታ ያልፋል። ሰዎቹ ቁጥራቸውን የሚሰጡት ሞኝ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ሳይሰጡ በአገልግሎቱ መጠቀም የማይችሉ ብዙዎች ናቸው፤ የማያነቡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ከአልጋ መነሣት የተሳናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት አባቶቻቸው ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ የሚታመን ሰው መርጠው አደራ ይላሉ።

ስለዚህ የደኅንነትና የምቾት ክርክር የሚመስለው ነገር ከሥሩ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። አደራን የመጠበቅ ግዴታ የማን ነው? የሰጪው ነው ወይስ የተቀባዩ?

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ማለት ይገባል። ቀላሉ በራስ የሚያዘው ቁጥር ነው። በሰኔ 1967 እ.ኤ.አ. በሰሜን ለንደን፣ ኤንፊልድ በተባለ ሰፈር፣ በባርክሌይስ ባንክ ደጅ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ሲተከል፣ ፈልሳፊው ጆን ሼፈርድ-ባሮን መጀመሪያ ያሰበው ስድስት አሃዝ ነበር። ሚስቱ ካሮላይን ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም ስላለችው ወደ አራት ዝቅ እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል። ዛሬ ቃሊቲ ላይ በኤቲኤም ፊት የሚሰለፈው ሠራተኛ በቃሉ የሚይዘው አራት አሃዝ የአንዲት ሴት የማስታወስ አቅም ልክ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በቴክስት የሚመጣው፣ አንዴ አገልግሎ የሚሞተው ኮድ፣ ሕዝቡ ኦቲፒ የሚለው ነው። በአውሮፓ ደግሞ ደንበኛው ከቁልፉ ጋር የሚያንጠለጥላት ቶክን የምትባል ትንሽ መሣሪያ ለዓመታት አገልግላለች፤ በየ30 ወይም በየ60 ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ታወጣለች። ካርድ ሲገባባት ኮድ የምትሰጥም አለች። ደኅንነቷ የሚደነቀውን ያህል፣ ቤት ረስቷት የወጣ ሰው ሁሉ ያማርራታል።

እነዚህ ሁሉ የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ወይም ዕቃውን የያዘ ሰው አለ ወይ? ያ ሰው ማን ነው፣ በማን ፈቃድ መጣ፣ የሚወስደውስ የራሱን ነው ወይ የሚሉትን አይመልሱም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አደራ ግን የተገነባው በእነዚያ ባልተመለሱት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ጦቢት ይህን ነገር ከብዙ ዘመን በፊት አንሥቶታል። ጦቢት በሜዶን አገር ራጌስ በምትባል ከተማ ገባኤል ለሚባል ሰው አሥር መክሊት ብር አደራ አስቀምጦ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ዓይኑ ታወረ፣ ደኸየም። ልጁን ጦብያን ገንዘቡን አምጣ ብሎ ሊልከው ሲል ልጁ ያነሣው ጥያቄ ዛሬ ባንክ ቤት የሚነሣው ነው፤ ከሰውየው ጋር ሳንተዋወቅ እንዴት ብሩን ይሰጠኛል? አባትየው ለማረጋገጫ የሚሆነውን ጽሑፍ ሰጠው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጦብያ መንገድ ላይ ሚስት አገባና በሠርጉ ተያዘ። ስለዚህ ጽሑፉን ለመንገድ ጓደኛው አስይዞ ወደ ራጌስ ላከው። ገባኤል ጽሑፉን አየ፣ ማኅተሙ ያልተነካውን ከረጢት አውጥቶ አስረከበ። አዛርያስ ነኝ ብሎ የተዋወቃቸው ያ ጓደኛ ሊቀ መላእክት ሩፋኤል መሆኑን ግን ሰዎቹ ገና አላወቁም ነበር።

በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን ምእመናን በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ ይህን የገንዘብ ክፍል የሚያስበው ጥቂት ሰው ሳይሆን አይቀርም። በዛሬ የአገልግሎት ውል ዓይን ቢታይ፣ ጦብያ የሚስጥር ቁጥሩን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ የሰጠ ደንበኛ ነው፤ ለሚደርስበት ኪሳራ ኃላፊው ራሱ ነው ይባላል። መጽሐፉ ግን ዓይነ ስውሩን አባትም ልጁንም አይወቅስም። የታመነ ሆኖ የሚታየው ማኅተሙን ሳይነካ ያቆየው ገባኤልና ያለ ጉድለት ያደረሰው መልእክተኛ ናቸው። ሸክሙ በተቀባዩ ላይ ነው።

በእስልምናም ነገሩ ያው ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ከነቢይነታቸው በፊት ጀምሮ በመካ ሰዎች ዘንድ አል-አሚን፣ ማለትም ታማኙ፣ ይባሉ እንደነበር የሕይወት ታሪካቸው ይተርካል። ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ አሊን ወደ ኋላ ያስቀሩት በእጃቸው የነበረውን የሰው አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስላቸው ነበር። ሃይማኖታቸውን ያልተቀበለው የመካ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የሚያሳድዳቸው ወገን፣ ንብረቱን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። ሕይወታቸውን ለማዳን በሚሸሹበት ሌሊት እንኳ ግዴታው አልወደቀላቸውም። አገሪቱን ለዘመናት የዳኘው ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራ ተቀባይን በጠባቂነት ያስገድዳል።

ሕግ አዋቂ ጣልቃ ገብቶ፣ የባንክ ተቀማጭ እንዲህ ያለ አደራ አይደለም ሊል ይችላል። ልክ ነው። ባንክ የተቀበለውን ብር ለይቶ አሽጎ አያስቀምጥም፤ ከሌላው ብር ጋር ቀላቅሎ ያበድረዋል፣ ለደንበኛው ደግሞ ባለ ዕዳ ይሆናል። ይህ ክርክር ግን ባንኩን ነፃ ከማውጣት ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ባለ ዕዳ ለሌባ ቢከፍል ዕዳው አይወርድለትም። አበዳሪው ነገ ቢመጣ መክፈል አለበት። ባንኩ ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ያስገባ ሁሉ እኔ ነኝ ብሎ ደንበኛው አስቀድሞ እንዲፈርም ማድረግ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የአገልግሎት ውል የሚሠራው ይህንን ነው። በአንድ ፊርማ ሰውየው ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ አደራ ሰጪውም የገዛ አደራው ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል፣ ያውም ያለ ደመወዝ።

በሌላ በኩል የባንኩ የራሱ ቁልፍ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አገሪቱ አንድ ሌሊት አይታለች። ከዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ከሒሳባቸው በላይ ለሚያወጡ ሰዎች እሺ እያለ ይከፍል ጀመር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ተዛመተ፤ ተማሪዎች ሌሊቱን በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ፣ ሌሎች በስልካቸው ወደ ሌላ ባንክ አስተላለፉ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በጥገናና ፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ መሆኑን አስታወቀ። ንግድ ባንክ በኋላ እንደገለጸው ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይጠጋ ነበር።

በዚያ ሌሊት አንድም የደኅንነት መሣሪያ አልተሰበረም። ገንዘብ ያወጣው ሁሉ በገዛ ካርዱ፣ በገዛ ስልኩ፣ በገዛ የሚስጥር ቁጥሩ ነው ያወጣው። ማሽኑ ማን ነህ ሲል ጠይቆ ከእያንዳንዱ እውነተኛ መልስ አግኝቷል። ያንተ ነው ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም፤ ያንን ይጠይቅ የነበረው የሒሳብ ክፍል ተኝቷል። ያን ጥያቄ ሊጠይቅ የሚችል የቀረ ነገር ቢኖር የተሰላፊው ሕሊና ብቻ ነበር። የሕሊናው መልስ ምን እንደነበር በሰልፉ ርዝመት ታየ።

ባንኩ ቀጥሎ የያዘው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ገንዘቡን በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል እንደማይጠየቅ ተናገሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ ሲሉ አሳሰቡ፤ በመጨረሻም ከ500 በላይ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ለአደባባይ ወጣ። ምሕረት፣ ምክር፣ ኀፍረት። በዚያው ወር ውስጥ ከተወሰደው ከሦስት አራተኛ በላይ መመለሱን ባንኩ ገለጸ። የተመለሰው በኮድ ኃይል አይደለም። በእርግጥ ስማቸው በባንኩ መዝገብ ላይ ስለነበር መሸሽ አልተቻላቸውም፤ ቢሆንም የተሠራበት መሣሪያ የዕድርና የዕቁብ መሣሪያ ነው።

በዚያ ሰሞን ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ ያሉ ነበሩ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የጠባቂ መዘናጋት የሰውን ገንዘብ ያንተ አያደርገውም፣ ሕጉም ያላግባብ መበልጸግ ብሎ እንዲመለስ ያዛል። ጥሩ። ይህ ደንብ ግን ሁለት አፍ ሊኖረው አይገባም። የባንክ መዘናጋት ገንዘቡን ከባንኩ ካላወጣው፣ ቁጥሯን በማታለል የተነጠቀች ሴት መዘናጋትስ ለምን ሙሉ በሙሉ ገንዘብ አልባ ያደርጋታል? ባንክ ሲሳሳት የሰው ሁሉ ሕሊና ይለመናል፤ ደንበኛ ሲሳሳት ፒንዎን ሰጥተዋል ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ዱካውን ተከትሎ ገንዘቡ የት እንደገባ ማየት የሚችለው፣ ያን ሒሳብ ማገድ የሚችለውም ባንክ ነው፤ ደንበኛው የሚችለው ወደ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ክርክር ቀድሞ አልፎበታል። በ1980 እ.ኤ.አ. አንዲት የኒው ዮርክ ነዋሪ ከሒሳቧ 800 ዶላር በኤቲኤም ወጥቶ ካርዴንም ቁጥሬንም ለማንም አልሰጠሁም ብላ ሲቲባንክን ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ከማሽኑ መዝገብ ይልቅ የሴትዮዋን ቃል አመነ። በእንግሊዝ በተቃራኒው ባንኮች ሲስተማችን አይሳሳትም ብለው ደንበኛውን ይረቱት ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሮስ አንደርሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሁለቱን አገሮች አነጻጽሮ ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። ኪሳራውን የሚሸከሙት የአሜሪካ ባንኮች ጥበቃቸውን ሲያሻሽሉ፣ ጥፋቱን በደንበኛ ላይ የሚጥሉት የእንግሊዝ ባንኮች ተዘናግተው ነበር። ዕዳ የሌለበት ዘበኛ እንቅልፋም መሆኑን አንደርሰን በኮምፒውተር ሳይንስ ቋንቋ አረጋገጠው ማለት ነው። እንግሊዝም ቆይታ አቋሟን ለወጠች። ከጥቅምት 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተታሎ በራሱ እጅ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ይመልሳሉ፤ ወጪውንም ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ከባድ ቸልተኝነት ያሳየ ደንበኛ ሊከለከል ይችላል፤ አቅመ ደካማ የሆነው ግን በዚህም አይያዝም።

ይህን እንዳለ ቀድቶ ማምጣት እንደማይቻል ግልጽ ነው። ሁሉን ባንክ ይክፈል ከተባለ ከአጭበርባሪ ጋር ተመሳጥሮ ተበላሁ የሚል ይበዛል፤ የዕጣ ወሬ ሲሰማ ዓይኑ የሚበራ ሰው ስግብግብነትም ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ሃይማኖቶቹም ቢሆኑ አደራ ሰጪው ቤቱን ከፍቶ ይተኛ አላሉም። አቃቂ ገበያ ላይ ያለ ነጋዴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በስክሪንሹት የተሠራ የሐሰት ደረሰኝ አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ስላለ፣ ብሩ በገዛ ስልኩ ላይ መግባቱን ሳያይ፣ ኤፍ ቲ የሚባለውን የዝውውር መለያ ቁጥር ሳያጣራ ኬሻ አያስነሣም። ነጋዴው ግን የሚያየው ገዢውን ፊት ለፊት ነው፣ የሚያነብም ነው። ሕጉ መመዘን ያለበት በጠንካራው ሳይሆን በደካማው ደንበኛ ነው።

ፋይዳ መፍትሔ ይሆናል የሚሉ አሉ። ብሔራዊ መታወቂያው የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊትን ይመዘግባል፤ ጣት ደግሞ በስልክ ተነግሮ ለአጭበርባሪ አይሰጥም። እውነት ነው፣ ብዙ በር ይዘጋል። ሆኖም ቁልፉ አካል ሲሆን አካሉ የደከመበት ሰው ምን ይሁን? ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ብረት ሲያነሣ የኖረ የቀን ሠራተኛ አሻራው ተልጦ ማሽን እንደማያነብለት በሌሎች አገሮች ታይቷል። አልጋ ላይ የዋለ አባት ልጁን መላክ አይችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያው የሚያስበው ሰው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ልጅ የሌለው፣ ጎረቤት የሌለው፣ የሚልከው የሌለው። እንዲህ ያለ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ ማግኘት ይከብዳል።

የሚገርመው፣ ባንክ መስኮት ላይ ይህ ችግር ዱሮ ተፈትቷል። ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና የሰጠ ሰው ወኪሉ በስሙ ገንዘብ ያወጣለታል፤ ወኪሉ በገዛ ስሙ ይፈርማል፣ ቢያጠፋ በገዛ ስሙ ይጠየቃል። ዕቁብም ዕጣ የደረሰውን ዋስ ሳያመጣ ብሩን አያስጨብጠውም፤ የዋሱ ስም ይጻፋል። ሁለቱም እምነትን አልከለከሉም፤ እምነቱን በስም ጽፈው ያዙት። ስልኩ ግን ውክልና አያውቅም። ከሁለት አንዱን ብቻ ይፈቅዳል፤ ወይ ማንንም አትመን፣ ወይ ሁሉ ነገርህን አሳልፈህ ስጥ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገንዘቡን በስልክ ይዟል፤ ያ ሁሉ ሰው በዚህ ምርጫ መካከል ቆሟል።

መደረግ ያለበት የማይቻል ነገር አይደለም። ባንኮች ደንበኛው በመረጠው ሰው ስልክና በዚያ ሰው የራሱ ቁጥር ቀሪ ሒሳብ ማየት ብቻ፣ ወይም በቀን ከተወሰነ ብር ሳይበልጥ መክፈል የሚያስችል የውክልና መስመር መክፈት ይችላሉ። ማን ምን እንዳደረገ በስሙ ይመዘገባል፤ ማንም የማንንም የሚስጥር ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከማጭበርበር የሚመጣ ኪሳራ በባንኮቹና በደንበኛው መካከል እንዴት እንደሚከፈል በቁጥር የሚደነግግ፣ ለማያነቡና ለአቅመ ደካሞች የተለየ ጥበቃ የሚያደርግ ደንብ ያውጣ።

እስከዚያው ድረስ ይህን የሚያነብ ሰው ለወላጆቹ ሁለት ነገር ያድርግላቸው። የቁጠባ ሒሳባቸውን ከስልክ ያውጣና በስልኩ የሚንቀሳቀስ፣ የወር ወጪ ብቻ የሚገባበት ሌላ ትንሽ ሒሳብ ይክፈትላቸው። ስልካቸው ከጠፋ ወይም ኮድ ከተናገሩ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጥ ሲሙን በ994፣ የቴሌብር ከሆነ በ127፣ የንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ደውሎ ያዘጋ፤ በማግስቱም ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገባ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቅ።